ለልጄ የገዛሁት የኳስ ተጫዋቾች የጭንቅላት መታጠቂያ

የ12 ዓመቱ ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የታዳጊዎች ቡድን በተከላካይነት ይጫወታል። ባለፈው ጸደይ ለቴስታ ሲዘል ከሌላ ልጅ ጋር ተጋጭቶ ቅንድቡ በመሰንጠቁ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት ዙሪያውን የሚሸፍን ባለስፖንጅ መታጠቂያ በ40 ዶላር ገዛሁለት። ሦስት ወር ያህል ተጠቅሞበታል።

በአሠራሩ ብዙ ቅር አልተሰኘሁም። ስፖንጁ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል፣ ሲለቁት ወዲያው ይሞላል፤ ቢታጠብም ቅርጹን አይለቅም። ላብ ሲበዛ ግን ወደ ቅንድቡ ስለሚወርድ፣ ልጁ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲል በአንድ እጁ ሽቅብ ሲገፋው እመለከታለሁ።

ቆዳን ከመሰንጠቅ ያድናል፤ አንጎልን ግን ያድናል ለማለት አልደፍርም። የአንጎል መናወጥ የሚደርሰው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በድንገት ሲንገጫገጭና ሲዞር ስለሆነ፣ ከውጭ የታሰረ ስፖንጅ ይህን እምብዛም አይገታውም። የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ከ2,700 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾችን አሳትፈው እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናትም፣ መታጠቂያ ባደረጉትና ባላደረጉት መካከል ልዩነት አላገኘም። ብዙዎቻችን የጭንቅላት መከላከያ አድርጎ ይጫወት የነበረውን የቼልሲ በረኛ ፒተር ቼክን እያሰብን እንገዛዋለን፤ እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የራስ ቅሉ ስለተሰበረ አጥንቱን ለመጠበቅ ያጠለቀው ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስበው ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳት ነው። የእንግሊዙ ክለብ የዌስት ብሮም የቀድሞ አጥቂ ጄፍ አስል እ.ኤ.አ. በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት፣ የሞቱን ምክንያት ያጣሩት ባለሥልጣን ኳስን ደጋግሞ በጭንቅላት በመምታት የመጣ የሥራ በሽታ ነው ብለው ወስነዋል። የግላስጎው ተመራማሪዎችም የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች በመርሳትና በመሰል የአንጎል በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው 3.5 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይተዋል። በኋላ በጨዋታ ቦታ ለይተው ሲያዩት በበሽታው ይበልጥ የተጠቁት ተከላካዮች ሲሆኑ፣ በረኞች ግን ከሌላው ሰው ብዙም አልተለዩም። ልጄ ተከላካይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ያልጠበቅሁት ችግር ከራሱ ከልጁ መጣ። መታጠቂያውን ካሰረ ወዲህ ቀድሞ የሚሸሻቸውን ረጃጅም ኳሶች ሁሉ እየዘለለ በቴስታ ይመታል፤ ስቆጣው «አባዬ፣ አሁን እኮ አያመኝም» ይለኛል።

ስፌቱ ገና ላልጠገገ ልጅ ቢገዛ አልቃወምም። የልጄ ቅንድብ ስለዳነ ግን መታጠቂያውን ከሻንጣው አውጥቼ፣ አሠልጣኙን በሳምንት ስንት ቴስታ እንደሚያስመቷቸው ጠየቅኋቸው፤ ከ11 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለልምምድ ያስቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ተጫዋች በሳምንት ከ15 እስከ 20 ነው።