የመጀመሪያው ጉባኤ የት ይሁን? ለጀነቲክ ቶክሲኮሎጂ ጀማሪዎች የቀረቡ መድረኮችና የሥራ በሮች ሲመዘኑ

በጀነቲክ ቶክሲኮሎጂ፣ ማለትም ንጥረ ነገሮች ዲኤንኤን ይጎዱ እንደሆነ በሚመረምረው ሙያ፣ ሥራ የጀመረ ሰው በዓመት ለአንድ ጉባኤ የሚበቃ ገንዘብ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ምርጫው እንግዲህ በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም። እዚህ ሁሉንም የምንመዝነው በአንድ መስፈርት ነው፦ ጀማሪው ይዞት የሄደውን ዳታ፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቆሞ ያይለታል ወይ? ቦርሳ፣ እራትና የምስክር ወረቀት የትም ይገኛል። የማይክሮኒውክለሱን (ክሮሞዞም ሲጎዳ በሴሉ ውስጥ የሚታየውን ትንሽ ኒውክለስ) ግራፍ ትኩር ብሎ አይቶ «የሳይቶቶክሲሲቲው (የሴል መጎዳት) መስመር የታል?» የሚል ሰው ግን የትም አይገኝም።

በዚህ ሚዛን ቀዳሚውን ቦታ የምንሰጠው ለኢኤምጂኤስ፣ ማለትም ለአካባቢ ሚውታጄኔሲስና ጂኖሚክስ ማኅበር፣ ዓመታዊ ጉባኤ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የአካባቢ ሚውታጅን (ዲኤንኤን የሚለውጥ ነገር) ማኅበር ተብሎ የተመሠረተ ሲሆን፣ ጂኖሚክስን በስሙ ላይ የጨመረው ኋላ ላይ ነው። ጉባኤው ብዙውን ጊዜ በመስከረም ገደማ ይካሄዳል፤ ተሳታፊው በመቶዎች እንጂ በሺዎች አይቆጠርም። ጥቅሙም ከዚሁ ከማነሱ ይመነጫል። የፖስተር ሰዓት ሲደርስ ከጎን ያለው ሰው የፈተና መመሪያ ያረቀቀ፣ ወይም የመድኃኒት ፋይል የሚገመግም ሊሆን ይችላል፤ የሚያጣድፈውም ሕዝብ የለም። በማኅበሩ ውስጥ ያሉት የልዩ ፍላጎት ቡድኖች፣ ለምሳሌ በተግባራዊ ጀነቲክ ቶክሲኮሎጂና በዲኤንኤ ጥገና ላይ የሚሠሩት፣ በጉባኤው ሰሞን ስብሰባ አላቸው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ «ይሄ የትልልቆች ነው» ብሎ ይቀራል፤ ተሳስቷል። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ሲምፖዚየም የሚያስተባብር ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ ስም የሚታወቀውም እዚያ ነው። ጉድለቱን እንናገር፦ ከፕሮግራሙ ከፍ ያለው ክፍል ወደ መሠረታዊ ባዮሎጂ ያደላል። ቀኑን ሙሉ የኤምስ ሳህን (በባክቴሪያ ላይ ሚውቴሽን የሚፈተንበትን) ሲቆጥር ለሚውል ሰው አንዳንዱ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ያልፋል።

ለእንዲህ ያለው ሰው ጂቲኤ ይሻለዋል። የጀነቲክ ቶክሲኮሎጂ ማኅበር የሚባለው ይህ ቡድን ለብዙ ዓመታት በዴላዌር ግዛት በፀደይ ሲሰበሰብ የቆየ ሲሆን፣ ወሬው በአብዛኛው ስለ ፈተናው ነው፦ ውጤቱ ድንበር ላይ ሲወድቅ ምን ይደረግ፣ ተቆጣጣሪ ምን ጠየቀ፣ መመሪያው የት ላይ ግልጽ አይደለም። በእንግሊዝም የዩኬኢኤምኤስ፣ የዚያው አገር የአካባቢ ሚውታጅን ማኅበር፣ የኢንዱስትሪ ጀኖቶክሲሲቲ (ዲኤንኤን የመጉዳት ባሕርይ) ቡድን የአንድ ቀን ስብሰባዎች ያዘጋጃል። ሌሊት ማደር ላይጠይቅ ስለሚችል በዋጋ ደረጃ ከሁሉም የሚረክሰው ይህ ነው። ለአውሮፓ ኢኢኤምጂኤስ፣ ለጃፓን ጄኢኤምኤስ አሉ፤ ለየአካባቢያቸው ያው ሚና አላቸው፤ ብዙ አንልባቸውም።

ኤስኦቲ፣ ማለትም የአሜሪካው የቶክሲኮሎጂ ማኅበር ጉባኤ፣ ሌላ ዓለም ነው። በመጋቢት ገደማ ሺዎች ይሰበሰባሉ። ከመክፈቻው በፊት የሚሰጡት የቀጣይ ትምህርት ኮርሶች ጥሩ ናቸው፤ ለብቻቸው ይከፈልባቸዋል፤ ገንዘብ ካለ ግን ከዋናው ፕሮግራም በፊት የሚመረጡ ናቸው። ፖስተሩ ግን ከብዙ መቶዎች መካከል ይውላል፤ ስለ ጉበትና ስለ ሳንባ የሚያወራ ሕዝብ አጠገቡ ሲያልፍ ይውላል። ታዲያ ለምን ይኬዳል? ሥራ ለመፈለግ። የኮንትራት ላቦራቶሪዎች፣ የመሣሪያ ሻጮችና የመድኃኒት ድርጅቶች በአንድ አዳራሽ ጣሪያ ሥር የሚገኙት እዚህ ነው። የኤግዚቢሽኑ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት ላይ ዳሱን የሚጠብቁት ሰዎች እቃቸውን ስለሚሰበስቡ፣ መሄድ ያለበት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው። ዳሱ ላይ ያለው ሻጭ ሲቪ ቢቀበል የሚፈይደው የለም፤ «የጀነቲክ ቶክሲኮሎጂ ክፍላችሁን የሚመራው ሰው መጥቷል ወይ? መቼ ይገኛል?» ብሎ ሰዓት ማስያዝ ይሻላል።

አይሲኢኤም የሚባለው የአካባቢ ሚውታጅኖች ዓለም አቀፍ ጉባኤ በየዓመቱ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በብራዚል ፎስ ዶ ኢጓሱ፣ በ2017 በኮሪያ ኢንቾን ተደረገ፤ ከዚያ በወረርሽኙ ምክንያት ተገፍቶ በ2022 በኦታዋ ከኢኤምጂኤስ ጉባኤ ጋር አብሮ ተካሄደ። በአቅራቢያ ሲመጣ መሄድ ነው፤ አሳዶ መሄድ ግን ለጀማሪ አያዋጣም። አይደብልዩጂቲ፣ ማለትም የጀኖቶክሲሲቲ ፈተና ዓለም አቀፍ ወርክሾፕ፣ ደግሞ ተጋባዥ ባለሙያዎች መግባባት ላይ ለመድረስ የሚሠሩበት መድረክ ነው፤ ጀማሪ እዚያ ወንበር አያገኝም። ሪፖርቶቹን ግን ያነበበና ያላነበበ ሰው በቃለ መጠይቅ ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይለያሉ።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ፖስተሩ ካልበሰለ ወጪው ከንቱ ነው። በብዛት የሚታየው ስህተት ይህን ይመስላል፦ በብልቃጥ የተሠራ የማይክሮኒውክለስ ጥናት፣ አራት ዓምዶች፣ በመጨረሻው ዓምድ አናት ላይ ሁለት ኮከብ (የስታቲስቲክስ ልዩነት ምልክት)፣ ከታች «ጀኖቶክሲክ ነው» የሚል ድምዳሜ። ጠያቂው ይመጣል። በዚያ መጠን ሴሎቹ ምን ያህል ተጎድተው ነበር? 70 ከመቶ። አለቀ። የኦኢሲዲ (የአገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) የማይክሮኒውክለስ ፈተና መመሪያ 487 ከፍተኛው መጠን 55 ከመቶ፣ አምስት ወዲያ ወይም ወዲህ፣ ሳይቶቶክሲሲቲ ላይ እንዲያነጣጥር የሚለው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን የሚሞት ሴል በራሱ የክሮሞዞም ስብርባሪ ስለሚያመጣ ነው። መርዛማ ያልሆነ ንጥረ ነገር ደግሞ ከ10 ሚሊሞላር፣ ከ2 ሚሊግራም በሚሊሊትር ወይም ከ2 ማይክሮሊትር በሚሊሊትር፣ ከሦስቱ ዝቅተኛው ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ፖስተሩ ላይ ከማይክሮኒውክለስ ዓምዶቹ በላይ የሳይቶቶክሲሲቲ መስመር በዚያው ግራፍ ይሳል። ሳይቶካላዚን ቢ (ሴሉ ለሁለት እንዳይከፈል የሚያግደው) ገብቶ ከሆነ በሲቢፒአይ (የኒውክለስ ክፍፍልን በሚያሳየው ልኬት) የተሰላ፣ ካልገባ በሴል ቁጥር ጭማሪ የተሰላ ይሁን፤ የትኛው እንደሆነም ይጻፍ። ከጎኑ የላቦራቶሪው ታሪካዊ ቁጥጥር (በቀደሙት ጥናቶች ንጥረ ነገር ያልነካቸው ሴሎች ውጤት)፣ 95 ከመቶ ወሰኑ በጥላ መልክ ይግባ። መመሪያዎቹ ውጤትን «በግልጽ አዎንታዊ» የሚሉት ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ከቁጥጥሩ በስታቲስቲክስ መለየት፣ ከመጠን ጋር አብሮ መጨመር፣ ከታሪካዊው ቁጥጥር ክልል መውጣት። ኮከቡ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስንት ሴል እንደተቆጠረ ሳይጻፍ የቀረ ፖስተርም ብዙ ነው፤ በመመሪያው ቢያንስ 2000 ሴል በአንድ መጠን ይጠበቃል። ይህን ሁሉ ያሟላ፣ ውጤቱ ግን አሉታዊ የሆነ ፖስተር ከባለ ሁለት ኮከቡ የበለጠ ሰው ያቆማል።

የጉዞ ድጋፍን በተመለከተ፣ ከእነዚህ ማኅበራት ብዙዎቹ ለተማሪዎችና ለአዲስ ተመራማሪዎች ይሰጣሉ፤ ይህ የአገልግሎታቸው ምርጡ ክፍል ነው። የሚያሰናክለው ቀነ ገደቡ ነው። የድጋፉ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ከአብስትራክቱ ጋር ወይም ቀድሞ ይዘጋል፤ አባልነትና የአማካሪ ደብዳቤም ይጠይቃል፤ አማካሪው ደብዳቤውን በሁለት ቀን አይጽፍም። ከአብስትራክቱ ቀን ስድስት ሳምንት ቀድሞ አባል መሆን፣ በዚያው ሳምንት ለአማካሪው የደብዳቤውን ረቂቅ ነጥቦች መላክ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከጉዞ በኋላ በደረሰኝ ስለሚተካ መነሻው ከኪስ ይወጣል። ቪዛ ለሚያስፈልገው ደግሞ የአብስትራክቱን ውጤት እስኪሰማ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ጉዞውን ያስቀራል፤ የግብዣ ደብዳቤ ቀድሞ ይጠየቅ። ነጻ የኢንተርኔት ገለጻዎችም አሉ፤ ለእውቀት ይበቃሉ፤ ለትውውቅ ምንም አይፈይዱም።

ወደ ሥራው እንምጣ። ሰፊው በር የኮንትራት ላቦራቶሪ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ይንቀዋል። የንቀቱ ምክንያት ይገባናል፦ አንድ ዓይነት ፈተና ደጋግሞ መሥራት፣ የጂኤልፒ (የመልካም ላቦራቶሪ አሠራር ደንብ) ወረቀት፣ በጥናት የሚቆጠር ጊዜ። ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ልዩ ልዩ ንጥረ ነገር፣ ይህን ያህል እንግዳ ውጤት የሚታይበት ሌላ ቦታ የለም። ቃለ መጠይቁም ሁለት ነገር ይፈትሻል። አንደኛው ጂኤልፒ ነው፦ የጥናት ዕቅድ ማሻሻያና ከዕቅድ መዛነፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ማሻሻያ ታስቦበት የሚደረግ ለውጥ ነው፤ መዛነፍ ሳይታሰብ የሆነ ነው፤ ኢንኩቤተሩ በሌሊት ከቀዘቀዘ በኋላ ማሻሻያ መጻፍ አይቻልም። ይህን ማምታታት ብዙ ጥሩ እጩ ጥሏል።

ሁለተኛው ዓይን ነው። የኤምስ ሳህን ፎቶ ይቀርባል፤ ቲኤ100 በሚባለው፣ ካልተለወጠ በስተቀር ሂስቲዲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ራሱ መሥራት በማይችለው የባክቴሪያ ዝርያ ላይ ኮሎኒው ከቁጥጥሩ እጥፍ ሆኗል። አዎንታዊ ነው? መልስ ከመስጠት በፊት ከኮሎኒዎቹ ሥር ያለውን ስስ የባክቴሪያ ምንጣፍ ማየት ይገባል። ምንጣፉ ከሳሳ መርዛማነት አለ፤ ከሞት የተረፉት ባክቴሪያዎች የጎረቤታቸውን ድርሻ ሂስቲዲን በልተው መርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ኮሎኒዎች ይሠራሉ፤ የቆጠራ ማሽኑም እንደ ሚውቴሽን ይቆጥራቸዋል። ምንጣፉ በተቃራኒው ከወፈረ፣ ናሙናው ራሱ ሂስቲዲን ይዞ መጥቷል፤ የፕሮቲንና የዕፅ ተዋጽኦ ላይ የተለመደ ነው። ቶፕ አጋሩ ከ45 ዲግሪ ገደማ በጣም ሞቆ ከፈሰሰ ደግሞ ባክቴሪያው አስቀድሞ ተጎድቷል። እነዚህን ሦስቱን በቅደም ተከተል የሚናገር እጩ የህትመት ዝርዝር ባይኖረውም ይቀጠራል።

ፍላጎቱ የጨመረው በተለይ እ.ኤ.አ. በ2018 በደም ግፊት መድኃኒቱ በቫልሳርታን ውስጥ ኤንዲኤምኤ የሚባለው ናይትሮሳሚን ከተገኘ ወዲህ ነው። በአይሲኤች ኤም7፣ ማለትም በመድኃኒት ቆሻሻዎች ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ለሚውታጅን ቆሻሻ በአጠቃላይ የተቀመጠው የዕድሜ ልክ ገደብ በቀን 1.5 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ናይትሮሳሚኖች ግን ከዚያ ወጥተው ለብቻ ይታያሉ፤ ለኤንዲኤምኤ ገደቡ በቀን 96 ናኖግራም ነው። ከዚህ የተነሣ «የተጠናከረ ኤምስ» የሚባለውን በእጁ የሠራ ሰው ይፈለጋል፦ 30 ከመቶ የአይጥና የሃምስተር ኤስ9 (ከጉበት የሚወጣ የኢንዛይም ድብልቅ)፣ 30 ደቂቃ ቅድመ ኢንኩቤሽን፣ ሟሟውም እየተመረጠ፤ ዲኤምኤስኦ የሚባለው ሟሟ ኤንዲኤምኤን የሚያነቃውን ኢንዛይም ስለሚያውክ ውሸተኛ አሉታዊ ሊሰጥ ይችላል። ከቤንቹ መራቅ ለሚፈልግም በር አለ። ኤም7 ለአንድ ቆሻሻ ሁለት የኮምፒውተር ትንበያ፣ አንዱ በባለሙያ ሕግ፣ ሌላው በስታቲስቲክስ የተመሠረተ፣ ይጠይቃል። ሁለቱ ሲጋጩ መዋቅሩን አይቶ የሚፈርድ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ቶክሲኮሎጂስት ብዙ አይደለም።

የሥልጠና ቦታ ለሚፈልግ፣ በአርካንሶ ጄፈርሰን የሚገኘው የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) የቶክሲኮሎጂ ምርምር ማዕከል፣ ኤንሲቲአር፣ በኦራይዝ የሥልጠና ፕሮግራም የድኅረ ዶክትሬት ሠልጣኞች ይቀበላል፤ በአውሮፓ የኢኤምኤ (የመድኃኒት ተቆጣጣሪው) ሥልጠና ለ10 ወር ነው፤ የኤፍሳው (የምግብ ደህንነት ባለሥልጣኑ) ኢዩ-ፎራ ደግሞ አንድ ዓመት ይወስዳል። የመጨረሻው ግን ከኤፍሳ ጋር በሚሠሩ የአውሮፓ ተቋማት ላሉ ሰዎች የታሰበ ስለሆነ፣ ተማሪ ማመልከቻ ላይ ጊዜ አያጥፋ። የማኅበራቱ ወሬ አሁን ያረፈበት ዱፕሌክስ ሲክዌንሲንግ ነው፤ የዲኤንኤውን ሁለት ገመድ ለየብቻ አንብቦ ስለሚያመሳክር እውነተኛውን ብርቅ ሚውቴሽን ከማሽኑ ስህተት ይለያል። አር በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ መጻፍ የሚችልና ማይክሮኒውክለስ የቆጠረ ሰው እዚህ ላይ ከሁለቱም ወገን ይጠራል።

የአውሮፓ የተመዘገበ ቶክሲኮሎጂስት ማዕረግ አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ ገና ነው። ልምዱ ግን በወረቀት መረጋገጥ አለበት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ማስታወስ ከባድ ነው። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየጥናቱ የፈተናው ዓይነት፣ የነበረው ሚና፣ የሪፖርቱ ቀንና ማን እንደፈረመ በአንድ ሠንጠረዥ ይያዝ፤ የደንበኛው ስምና የንጥረ ነገሩ ማንነት ግን አይግባበት፤ ምስጢር ነው።