ሦስት ወር የተጫወትኩበት ግሬኮ፦ ጊታር ላይ የተጻፈ ስም ስንት ያወጣል?

ሐዋሳ ውስጥ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ስፈልግ አንድ ሻጭ ጋ ሁለት አገኘሁ። አንዱ ጭንቅላቱ ላይ «ፌንደር» ይላል፣ ስመ ጥሩው የአሜሪካ ጊታር፤ 130 ሺህ ብር። ሌላው «ግሬኮ» ይላል፤ 48 ሺህ። ግሬኮው ለምን እንደረከሰ ስጠይቀው «ስሙን ማን ያውቀዋል?» አለኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ግሬኮውን ገዛሁ። ቅዳሜና እሑድ ማታ ሐይቅ ዳር የምንሠራው በእሱ ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጫውቼበት ቅኝቱ አይወርድም። በጣም ወድጄዋለሁ።

ግን ፌንደሩን ልገዛው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሻጩ «የ1968 ኦርጅናል ነው» ሲል ልቤ ተንጠለጠለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛዬ ነው «ብር ከማውጣትህ በፊት ጋሼ ይዩት» ያለኝ። ጋሼ የምንላቸው ፒያሳ አካባቢ ራዲዮና አምፕሊፋየር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ካቻቢቴያቸውን አነሱና የፊቱን ፕላስቲክ የያዙትን 11 ብሎኖች አንድ በአንድ ፈቱ፣ ብሎኖቹን ስኒ ውስጥ ጨመሩ፣ ከዚያ ፕላስቲኩን እንደ መጽሐፍ ሽፋን ገለጡት። «ና እይ ልጄ» አሉኝ።

የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ባዶ ነው። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ጊታር ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። በ137 ከጀመረ የሲ.ቲ.ኤስ፣ በ304 ከጀመረ የስታክፖል ሥራ ነው፤ ቀጥሎ የተሠራበት ዓመት፣ ከዚያ ሳምንቱ ይመጣል። 1376633 ቢል የ1966 33ኛ ሳምንት ማለት ነው። (የ1968 ፌንደር ውስጥ የ1966 መቆጣጠሪያ ብታገኙ አትደንግጡ፣ ኩባንያው በዚያ ዓመት ብዙ ገዝቶ አከማችቶ ለዓመታት ተጠቅሞበታል።) ሻጩ «ተቀይሮ ይሆናል» አለ። እሺ፣ ይቀየራል። እንጨቱስ? ጃክ የሚሰካበት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ያልሸፈነው ቦታ ነበር፤ እንደ ኮምፔርሳቶ ስስ ጣውላዎች ተነባብረው ይታያሉ፤ የዚያ ዘመን ኦርጅናል ፌንደር ግን ድፍን እንጨት ነው። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፣ ብሎኖቹን መልሰው ማሰር ጀመሩ። 130 ሺህ ብር የተጠየቀው ለዚያ ጽሑፍ ብቻ ነበር።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ጊታር ላይ ደግሞ ስም ባለቤቱ በሕይወት እያለም ጥሎት ይሄዳል። የፌንደር መሥራች ሊዮ ፌንደር ኩባንያውን በጥር 1965 ሲ.ቢ.ኤስ ለሚባለው የአሜሪካ ብሮድካስት ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ስሙም አብሮ ተሸጠ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሽያጩ በፊት ለተሠሩት በጣም ብዙ ይከፍላሉ፣ ከዚያ በኋላ ለመጡት ያነሰ። እስከዚህ ድረስ ይገባኛል፣ የእሱ እጅ ያለበትን ፈልገው ነው እንበል። ግን ሊዮ ሥራ አላቆመም፤ በኋላ ጂ ኤንድ ኤል የሚባል ኩባንያ መሥርቶ በ1991 እስኪሞት ድረስ እዚያ ጊታር ሲሠራ ነበር። እነዚያ ጊታሮች ያገለገሉ ሆነው ሲሸጡ የድሮዎቹን ፌንደሮች ዋጋ አጠገቡ አይደርሱም። እጁ ያው የእሱ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ስም ግን ሌላ ነው።

ዋጋ ከጊዜ ጋርም ይገለበጣል። ሌላው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ጊብሰን «ሌስ ፖል» የሚለው ሞዴል፣ ከ1958 እስከ 1960 የወጣው ባለ ቢጫና ቀይ ቀለሙ በጊዜው ገበያ አላገኘም ነበር፤ አሁን በመቶ ሺዎች ዶላር ነው፣ አይቀመስም።

ወደ እኔው ልመለስ። የግሬኮው ጭንቅላት ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር በእንግሊዝኛው «ጄ» ይጀምርና 77 ይከተላል። ፊደሉ ወሩን ይነግራል፣ ጄ አሥረኛ ፊደል ስለሆነ ጥቅምት 1977 በፈረንጆቹ። የሠራው ጃፓን ያለው ፉጂጄን ነው። ይኸው ፋብሪካ አይባኔዝ የሚባሉትን ጊታሮች ይሠራ ነበር፣ ከ1982 ጀምሮ ደግሞ የጃፓን ፌንደሮችን ሠርቷል። ስለዚህ «ስሙን ማን ያውቀዋል» የተባለው ጊታር የወጣው፣ ፌንደር ራሱ ስሙን አምኖ ከሰጠው ፋብሪካ ነው። ይህን ሳውቅ ደስታዬን አልችለውም ነበር።

በ1977 የጊብሰን ባለቤት የነበረው ድርጅት የአይባኔዝን የአሜሪካ አከፋፋይ የጊታራችንን ጭንቅላት ቅርጽ ቀድታችኋል ብሎ ከሰሰ። ክሱ ግሬኮን አይመለከትም። ሆኖም ዛሬ ውጭ አገር ሻጮች የዚያን ዘመን የጃፓን ጊታር ሁሉ «የክሱ ዘመን» እያሉ ዋጋ ይጨምሩበታል። ክሱ ራሱ እንደ ብራንድ ሆነ።

እዚህ ሐዋሳ ደረጃው ሌላ ነው። የሆቴል ባንዱም የቤተ ክርስቲያን ዘማሪውም ኪቦርዱን ያውቀዋልና «ያማሃ» የሚል አሮጌ ጊታር ቶሎ ይሸጣል። እንደ እኔ ለመጫወት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ዜና ነው፤ ማንም የማይጠይቀውን ስም በርካሽ ታገኛላችሁ። ስትሸጡት ግን እናንተም በርካሽ ነው የምትሸጡት፣ ይህን አውቃችሁ ግቡ። ባለፈው ወር አንድ ልጅ የእኔን በ40 ሺህ ጠይቆኛል፣ ከገዛሁበት በታች።

አንዱ ወዳጄ ደግሞ «ስሙን ፍቀህ ጊብሰን አስጽፍበት፣ እጥፍ ታወጣበታለህ» አለኝ። በጣም ነው የከፋኝ። የሚቀጥለውን ገዢ ልክ እኔ ልታለልበት በነበረው መንገድ ማታለል ነው። ደግሞም ያልተነካ፣ ቀለሙ ያልታደሰ አሮጌ ጊታርን የሚያውቅ ሰው ሲመጣ የምሸጥለት ነገር አይኖረኝም። እንደገና የተቀባ አሮጌ ጊታር ከኦርጅናሉ ዋጋ ግማሹን ያህል ያጣል።

ጉድለቱን ልናገር። ከባድ ነው፣ ከአራት ኪሎ በላይ፤ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ትከሻዬ ይደነዝዛል። አንዱ መቆጣጠሪያ ሲዞር ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ጋሼ አጽድተውልኝ ተወው፤ የድካማቸውን 300 ብር ብቻ ተቀበሉኝ። ክር ግን ከአዲስ አበባ አስመጡ። እዚህ ያገኘሁት በሐይቁ እርጥበት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዛገብኝ።