የካምፒንግ ክለብ አባል ልሁን ወይስ ከጓደኞቼ ጋር ድንኳን ልግዛ?

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ቀነስ ሲል ስልኬ ላይ የሚገባው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ካምፒንግ ክለብ ልመዘገብ ነው፣ ያዋጣል?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ስታዲየም ወይ አራት ኪሎ አካባቢ የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሁድን ከከተማ መውጣት ያማረው ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል። መልሴን አልደብቅም። የዓመት አባልነት አያዋጣም። በየጉዞው መክፈል አንዳንዴ ያዋጣል። አሥር ሰው ሆኖ የራስን ዕቃ ገዝቶ፣ መኪና ተከራይቶ መውጣት ግን ከሁለቱም ይሻላል።

«ካራቫን (በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት) ብገዛስ?» የሚልም አልጠፋም። ወንድሜ፣ የት ልታቆመው ነው? ካዛንቺስ ለቪትዝ ማቆሚያ ስትዞር ግማሽ ሰዓት ይፈጅብሃል። ሚኒባስ ገዝቶ ውስጡን አልጋ ማድረግም ይታሰባል፤ ግን ያገለገለ ሚኒባስ ዋጋው ሚሊዮኖች ውስጥ ከገባ ቆይቷል፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ያለው ሰው ዋጋ ሲጠራ አያፍርም። ይሄን እንለፈው።

ክለብ የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ግን ይጠቅማል። እንግሊዝ ውስጥ ካራቫን ክለብ የተቋቋመው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1907 ነው። እዚያ አባል ስትሆን የምትገዛው ቦታ ነው። ክለቡ የራሱ ማደሪያ ሜዳዎች አሉት፤ ውሃ አለ፣ መብራት አለ፣ ሽንት ቤት አለ። ከአምስት ካራቫን በላይ የማይገባባቸው፣ ለአባላት ብቻ የተተዉ ትንንሽ የገበሬ ማሳዎችም አሉ። አባል ካልሆንክ እነሱ ጋ አታድርም። ስለዚህ የዓመቱ ክፍያ ትርጉም አለው።

እኛ ጋ ያለው ክለብስ ምን አለው? እስካሁን ከጠየቅኳቸው ውስጥ የራሱ ሜዳ ያለው አላገኘሁም። መኪናው የኪራይ ነው። ድንኳኑም ብዙ ጊዜ የኪራይ ነው። የራሳቸው የሆነው ካሜራ፣ ስፒከርና የቴሌግራም ግሩፕ ነው። በዚህ ሚዛን የሠፈራችን እድር ይበልጣል፤ እሱ ቢያንስ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው፣ ወርሃዊ መዋጮውም ቀላል ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንግባ። ዋጋዎቹ እኔ ስጠይቅ የተነገሩኝ ናቸው፤ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ እንደበፊቱ አይቆምምና እናንተ ስትጠይቁ ሌላ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ስሌቱ ግን ያው ነው።

አንድ ክለብ ለዓመት አባልነት 6,000 ብር ጠየቀኝ። በምላሹ ቲሸርት፣ መታወቂያ፣ በየጉዞው ደግሞ 10 በመቶ ቅናሽ። ወንጪ ሄዶ አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ ለማንም ሰው 5,500 ብር ነው። የ5,500 አሥር በመቶ 550 ነው። እንግዲህ 6,000 ብራችሁን ለመመለስ ብቻ በዓመት 11 ጊዜ ማደር አለባችሁ። ክረምቱን አውጡት። ከፋሲካ በኋላ ያለውን የሠርግ ወቅት አውጡት። የበዓል፣ የለቅሶ፣ የእድር ስብሰባ ቅዳሜና እሁዶችን አውጡ። 11 ይቀራችኋል? ለእኔ አይቀረኝም። ቲሸርቱም አንድ ጊዜ ሲታጠብ ጽሑፉ ይለቃል።

ሁለተኛው አማራጭ በየጉዞው መክፈል ነው። ቅዳሜ ማለዳ መስቀል አደባባይ ወይ ሜክሲኮ የሚሰበሰቡትን አይታችኋል፤ ቦርሳ አዝለው ባስ የሚጠብቁ። ይሄኛውን አልጠላውም። በተለይ ጓደኞቹ ሁሉ «እመጣለሁ» ብለው አርብ ማታ የሚጠፉበት ሰው፣ ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው፣ ብቻዋን መውጣት የማይመቻት ሴት በዚህ ቢጀምሩ እመክራለሁ። ሩቅ ከሆነም እንደዚሁ። ባሌ ለመሄድ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፓርክ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የሳነቴ ብርድ፣ ይሄ ሁሉ ለጀማሪ ይከብዳል። ከሁሉም በላይ ጥሩ አዘጋጆች መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውለው የሚያጣሩበት ሰው በየቦታው አላቸው። ይሄ ገንዘብ ያወጣል፣ አልክድም።

ችግሩ «ሁሉም ይካተታል» የሚለው ነገር ነው። ድንኳን ይካተታል ተብሎ ለሁለት ሰው በተሠራ ድንኳን ሦስት ሰው ያስተኛሉ። አንዴ ላንጋኖ እኔ መሃል ነበርኩ፤ ያደርኩት በጎኔ ነው፣ ለመገላበጥ ስምምነት ያስፈልጋል። ምግብ ይካተታል ሲባልም ፓስታ ነው፣ ማታም ፓስታ ነው። የቀብድ ነገር ደግሞ አለ። ታህሣሥ 2017 ላይ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ እዚህ ከተማ ድረስ ሲሰማን፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የአዋሽ ጉዞ ሙሉውን ከፍላ ነበር። ጉዞው ቀረ፤ መቅረቱም ትክክል ነው። ብሩ ግን «ለሚቀጥለው ይያዝልሽ» ተባለ፤ የሚቀጥለው ዋጋ ጨምሮ መጣና ልዩነቱን ጨምሪ ተባለች። የከፈለችው ወደ አንድ ልጅ የግል ሒሳብ ነው፣ ደረሰኝ የላት፣ ማንን ትክሰስ? ስለዚህ ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ሒሳቡ በድርጅት ስም ነው ወይ፣ ከተሰረዘ ብሩ በስንት ቀን ይመለሳል፣ በአንድ ድንኳን ስንት ሰው ያድራል። ሦስተኛዋን ሲጠየቁ ዝም የሚሉት ይበዛሉ።

ሦስተኛው የእኔ ምርጫ ነው። አሥር ሰዎች ሆነን እንደ ዕቁብ በየወሩ 800 ብር እንጥላለን። ዕጣ የለውም፤ የሚሰበሰበው 8,000 ብር ዕቃ ይገዛበታል። በአሥር ወር 80,000 ይሆናል። የሁለት ሰው ድንኳን አምስት፣ አንዱ በ6,500 ቢገኝ 32,500። ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት) አሥር፣ አንዱ 4,500 ቢሆን 45,000። የተረፈው ለገመድ፣ ለፋኖስና ለመለዋወጫ ካስማ።

ጉዞውስ? ወንጪን እንያዝ። ደርሶ መልስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ከነሹፌሩ በቀን 7,000፣ ለሁለት ቀን 14,000። ነዳጅ 40 ሊትር በሉት፣ ሊትሩን በ130 ብር ብትይዙት 5,200። የሹፌር አበል 2,000። ለአካባቢው አስጎብኚ፣ ለጥበቃና ለማደሪያ ቦታ 3,000 ያዙ። ምግብ በሰው 800፣ የራሳችሁን ከሠራችሁ። ድምሩ 32,200፣ ለአንድ ሰው 3,220 ብር። ከ5,500 ጋር ያለው ልዩነት 2,280 ነው፤ የከፈላችሁት 8,000 በአራተኛው ጉዞ ተመለሰ ማለት ነው። ስድስት ሰው ከሆናችሁ ግን አትድከሙ፤ ለአንድ ሰው ወደ 4,830 ይወጣል፣ ለዚያች ልዩነት ብላችሁ ድንኳን ስትሸከሙ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ መዋል የለባችሁም። ዋናው ነገር የሰው ቁጥር ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ፣ ፎርጅድ ድንኳን።

መርካቶም ቦሌም የታወቀ የአሜሪካ ብራንድ ስም የተለጠፈባቸው ድንኳኖች አሉ። ከረጢቱ ያምራል፤ ውስጡ ሌላ ነው። ሻጩ ፊት ዘርግታችሁ እዩ። «ይቆሽሻል» ካለ ትታችሁ ውጡ። መጀመሪያ ስፌቱን ከውስጥ በኩል ተመልከቱ። በስፌቱ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ቴፕ ካልተለጠፈ ውሃው በመርፌው ቀዳዳ ይገባል፣ ሌላ ምንም አትጠይቁ። ቀጥሎ ሁለት ልባስ እንዳለው እዩ። ነጠላ ከሆነ ዝናብ ባይዘንብም ትንፋሻችሁ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ንጋት ላይ ፊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሰዎች «ድንኳኑ አፈሰሰ» የሚሉት ግማሹ ይሄ ነው። የላይኛው ልባስ አናቱን ብቻ እንደ ቆብ የሚሸፍን ከሆነም ንፋስ ያለበት ዝናብ በጎን ይገባል። ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱት፤ እንደ ፌስታል ስስ ከሆነ አንድ ጠጠር ይበቃዋል።

ዘንጉ ደግሞ ፋይበር ከሆነ ጫፉን ተመልከቱ። ርካሹ ከጫፉ ይሰነጠቅና እንደ እሾህ እጅ ይወጋል፣ ከዚያ የራሱን ሸራ ይቀዳል። ጓደኛዬ በ7,000 ብር «ኦርጅናል ነው» ተብሎ የገዛው መናገሻ ላይ በመጀመሪያው ሌሊት ዘንጉ ተሰነጠቀ፣ ዚፑ ጥርሱን ሳተ። ጥገናው ምን ያህል ወሰደ መሰላችሁ? የዚፕ ራስ መቀየር ርካሽ ነው፣ ማንኛውም ቦርሳ ሰፊ ይሠራዋል። ለዘንጉ ምን አለሽ ተራ ገብቶ ልኩ የሆነ ቀጭን የብረት ቱቦ አስቆርጦ በስንጥቁ ላይ አጠለቀበት፤ ይሄም ርካሽ ነው፣ እንደውም ከፋብሪካው ጠነከረ። ያቃጠለው ሸራው ነው። ተራ ልብስ ሰፊ ሲጠግነው አዲስ ቀዳዳ ይጨምርበታል። ሸራ የሚጠገነው የለቅሶና የሠርግ ድንኳን የሚሰፉት ጋ ነው፤ እነሱ ጠርዙን አጥፈው ደርበው መስፋት ያውቃሉ፣ ክራቸውም ወፍራም ነው። ሲጨርሱ ስፌቱ ላይ ሻማ አሹበት፤ ለአንድ ወቅት ይይዛል። ይሄን ሁሉ ከገዛበት 7,000 ጋር ሲደምረው ወደ 10,000 ተጠጋ።

በዚያው ሰሞን እኛ በ9,000 ብር የገዛነው ያገለገለ ኦርጅናል ግን እስካሁን ካስማ እንጂ ምንም አልተቀየረለትም። ከየት? ሥራቸውን ጨርሰው አገር ለቀው ከሚወጡ የውጭ ዜጎች። ሲሄዱ ፍሪጁንም ድንኳኑንም ባንዴ ይሸጣሉ፣ ሻንጣቸው ስለማይችል ዋጋ ላይ አይጨቃጨቁም። ሰኔና ሐምሌ ላይ የትምህርት ቤትና የኤምባሲ ሠራተኞች ሲቀያየሩ ይበዛል። ዘበኛቸውን ወይም ሹፌራቸውን የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ከማስታወቂያው በፊት ትደርሳላችሁ።

ስሊፒንግ ባግ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አትመኑ። «0 ዲግሪ» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚያ ብርድ አትሞትም ማለት ነው እንጂ ትተኛለህ ማለት አይደለም። ወንጪ ላይ ሜዳው ወደ 3,000 ሜትር ነው፣ ኅዳርና ታህሣሥ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ይይዛል። ገንዘብ ካጠራችሁ ርካሹን ባግ ግዙና ከቤት ጋቢና የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጨምሩ። ብርዱ ከታች ስለሆነ የሚመጣው ግን ስፖንጅ ሳታነጥፉ ምንም ብትደርቡ አይሞቃችሁም።

ከሹፌሩ ጋር የሚደረገው ንግግርም ዋጋ ነው። ነዳጅ በማን፣ የሹፌሩ ማደሪያና ምግብ በማን፣ ከተባለው ኪሎ ሜትር ካለፈ ምን ይጨመራል፣ ከከተማ ውጭ ለመውጣት ወረቀቱ የተሟላ ነው ወይ። ትርፍ ጎማውን አስወርዳችሁ እዩት። ደላላ መሃል ከገባ ዋጋው ከፍ ይላል፤ አንዴ ጥሩ ሹፌር ካገኛችሁ ቁጥሩን ያዙና ቀጥታ ደውሉ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ በየጉዞው ከሚከፈልባቸው ጋር ወጥቼ እንዴት እንደሚሠራ አያለሁ፣ እግረ መንገዴን እዚያ ጥሩ ሰዎች አገኛለሁ፤ ከቡድናችን ግማሹ የተገኘው እንደዚያ ነው። ከዚያ አሥር ሰው እሞላለሁ። ለመጀመሪያ ሙከራ መናገሻ ሱባን እመርጣለሁ። ከከተማው ብዙም አይርቅም፤ ድንኳኑ ቢያፈስ፣ ዘንጉ ቢሰበር በሌሊትም ቢሆን ቤት መግባት ይቻላል።

የቀረው ዕቃው የት ይቀመጣል የሚለው ነው። አንድ ሰው ቤት ይሁን፣ በረንዳ ያለው ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ድንኳን እርጥቡን ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። እኛ ጋ ሳያደርቅ የጠቀለለ 500 ብር ይቀጣል። እስካሁን የተቀጣው ሰብሳቢያችን ብቻ ነው፣ እሱም ገና አልከፈለም።