የግሮንያ መርከብ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ የአንድ የእንጨት ሞዴል ግምገማ

ይህን ሳጥን የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት በ139 ዩሮ ነው። በ1 ለ35 መጠን ተቀንሶ የተሠራ፣ ሲገጣጠም 62 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የእንጨት መርከብ ሞዴል ነው። መርከቡ ደግሞ የማንም መርከብ አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ የኖረችው፣ የባላባት ልጅ ሆና ሳለ በእንግሊዞች መዝገብ የባሕር ወንበዴ ተብላ የተጻፈችው የግሬስ ኦማሊ ነው። ለመገጣጠም ስድስት ወር ፈጀብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር በሳሎናችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከመግዛቴ በፊት ያነበብኳቸው አስተያየቶች በሙሉ ሳጥኑን በከፈቱ ሰሞን የተጻፉ ስለነበሩ ምንም አልጠቀሙኝም። ስለዚህ እኔ ቆይቼ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ስሟን አስቀድሜ ልናገር። በአይሪሽ ቋንቋ ግሮንያ ኒ ዋልያ ነው የምትባለው። ከሰባት ዓመት በፊት በምዕራብ አየርላንድ ወዳለው ሜዮ አውራጃ መጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ጆሮዬ የሰሜን ተራሮቻችንን ዋልያ ነበር ያመጣልኝ። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ግሬስ ብዬ ልጠራት አልቻልኩም።

የሳጥኑ ሽፋን ላይ ረጅም ቀይ ፀጉሯን ነፋስ የሚያውለበልበው ወጣት ሴት ተሥላለች፤ ከኋላዋ የራስ ቅል ያለበት ጥቁር ባንዲራ አለ። ከሥዕሉ ሥር የምቾት ኑሮዋን ጥላ ወደ ባሕር የሸሸች አመፀኛ እመቤት መሆኗ ተጽፏል። ለዚህ ምርት ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ሽፋን ነው። ትልቁ ምስጋናዬ ደግሞ ሽፋኑ የተናገረውን ሁሉ ውስጥ ያለው እንጨት ማፍረሱ ነው። ግሮንያ ከምንም ነገር አልሸሸችም። አባቷ የኦማሊ ጎሳ አለቃ ነበር፤ የቤተሰቡ መፈክርም «በየብስም በባሕርም ኃያል» የሚል ነው። በክሉ ቤይ የባሕር ወሽመጥ ዙሪያ ያለው አገር የእነርሱ ነበር፤ በዚያ ውኃ ዓሣ ከሚያሰግሩ ከባዕድ አገር ጀልባዎችና ከሚያልፉ ነጋዴዎች ግብር ይቀበሉ ነበር። ባላባትነቷና መርከቧ አንድ ነገር ነበሩ። ያመፀችው አለቃነት የወንድ ብቻ ነው በሚለው ልማድና ያንን ባሕር ሊነጥቃት በመጣው የእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። አባቴ አናጢ ስለነበር መላጊያና መጋዝ ለእኔ እንግዳ አይደሉም፤ ሆኖም ይህ ሥራ አስተምሮኛል። የመርከቡ አከርካሪና ጎድኖች ከ5 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ በጨረር የተቆረጡ ናቸው። አቆራረጣቸው ጥሩ ነው፤ ሁሉም ያለ ግፊት ቦታቸው ገቡ። ፈተናው ጎድኖቹን በጣውላ ማልበስ ላይ ይጀምራል። ጣውላዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ አይገጥሙም፤ ከታች ወደ ላይ ሲሠሩ የላይኛው የታችኛውን ጠርዝ እየሸፈነ ይሄዳል። ይህ አሠራር ከቫይኪንጎች፣ ከጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች፣ የተወረሰ ነው፤ የግሮንያም መርከቦች የዚያ ዘር ነበሩ፦ አንድ ምሰሶ፣ አንድ አራት ማዕዘን ሸራ፣ በግራና በቀኝ መቅዘፊያ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጣውላዎች በደረቁ ላጥፍ ብዬ ሰበርኳቸው። በአፍንጫው በኩል ጣውላው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ማድረግ አለበት፤ ወደ ውስጥ መጉበጥና በራሱ ዙሪያ መጠምዘዝ። ከብዙ ሙከራ በኋላ የተሳካልኝ መንገድ እንዲህ ነው። ጣውላውን ግማሽ ሰዓት የሞቀ ውኃ ውስጥ መንከር፣ በትንሽ ድስት ጎን ላይ ጠቅልሎ በጨርቅ ማሰር፣ ሳይደርቅ አውጥቶ በቦታው ላይ በልብስ መቆንጠጫ መያዝ፣ ሌሊቱን ማሳደር፣ ኮላውን በማግሥቱ መቀባት። በአንድ ምሽት ከሁለት ጣውላ በላይ መሥራት አይቻልም። ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲህ አለቁ። ከማዕድ ቤት መስኮት ውጭ ያለው ዝናብና የእርጥብ እንጨት ሽታ እስካሁን አብረው ይታወሱኛል።

መምሪያው ደካማ ነው። አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ ሲሆን ሥዕሎቹ ያለ አጉሊ መነጽር አይነበቡም። የቀዛፊዎቹን መቀመጫዎች የመጨረሻው ጣውላ ከተለጠፈ በኋላ አስገቡ ይላል፤ ያን ጊዜ ግን እጅ አይገባም። እኔ የለጠፍኩትን ጣውላ በምላጭ አንሥቼ ነው ያስገባኋቸው። እናንተ መቀመጫዎቹን አስቀድሙ። ትርፍ ጣውላ አራት ብቻ ነው የተጨመረው፤ እኔ ሰባት ሰበርኩ። ለአምራቹ ስጽፍ በሁለት ቀን መልስ ሰጡኝ፣ ጣውላውንም ያለ ክፍያ ላኩልኝ፤ እጄ እስኪደርስ ግን አምስት ሳምንት ቆየ።

መቅዘፊያዎቹ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት 24 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1601 አንድ የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ ከግሮንያ መርከቦች አንዱን ባሕር ላይ አግኝቶ በጻፈው ዘገባ ግን 30 መቅዘፊያ እንደነበረውና ጠመንጃ የያዙ 100 ሰዎች እንደጫነ፣ ከእርሱ ጀልባ ጋርም ለአንድ ሰዓት ያህል እንደተታኮሰ ተናግሯል። የዓይን ምስክር ቁጥሩን እየነገረን ስድስት መቅዘፊያ ለምን እንደሚጎድል አልገባኝም። በየጎኑ ሦስት ቀዳዳ ጨመርኩ፤ ስድስቱን ከቀርከሃ ስንጥር ጠርቤ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ከሌሎቹ ጋር እንዲመሳሰሉ የተልባ ዘይት ቀባኋቸው። አንድ ቅዳሜና እሑድ ወሰደብኝ። ሠላሳው ተደርድረው ሳይ መርከቡ እግር ያወጣ ይመስል ነበር።

የሁሉም ወራት ምርጥ ቀን የካቲት ላይ መጣ። ሸራውና ምሰሶው ገና አልተተከሉም፤ አካሉ ግን ቫርኒሽ ጠጥቶ ደርቋል። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ የልብስ ማጠቢያውን ትልቅ ሳፋ በውኃ ሞላችው፤ ከክሉ ቤይ ዳርቻ የለቀመቻቸውን ጠጠሮችም ጫፋቸው ብቻ ከውኃ እንዲወጣ አድርጋ ደረደረቻቸው። የአካባቢው ሰው በወሽመጡ ውስጥ በዓመቱ ቀናት ልክ 365 ደሴቶች አሉ ይላል። መርከቡን አስቀመጥነው። የጠለቀው አንድ ጣት እንኳ አይሞላም። ልጄ በትንፋሿ እፍ ስትለው በሁለት ጠጠሮች መካከል ሆዱ ሳይነካ ሾልኮ አለፈ።

«እማዬ፣ ትልቅ መርከብ ቢያባርረውስ?» አለችኝ። ከመታጠቢያ ቤት ትልቁን ጎድጓዳ የሳሙና ዕቃ አምጥታ ስትገፋው የመጀመሪያው ጠጠር ላይ ተቀመጠ።

ስለ ግሮንያ ያነበብኩት ሁሉ ያኔ ነው ግልጽ የሆነልኝ። የእንግሊዝ ጦር መርከቦች ጥልቅ ውኃ ይፈልጋሉ፤ እንዲሄዱም ነፋስ መጠበቅ አለባቸው። የእርሷ ግን ነፋስ ቢቆም ይቀዘፋል፤ ውኃው ቢሳሳም ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1574 ከጎልዌይ ከተማ በባሕር የመጣ የእንግሊዝ ጦር ሮክፍሊት ግንቧ ውስጥ ሲከብባት ተከላክላ መልሳዋለች። ግንቡ ዛሬም ኒውፖርት ከምትባለው ከተማ አጠገብ ቆሟል። አራት ፎቅ ያለው፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ምንም ጌጥ የሌለው ድንጋይ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ውኃው እግሩ ሥር ይደርሳል። የምትወደውን መርከብ ገመድ በግድግዳ ቀዳዳ አሳልፋ ከአልጋዋ ጋር አስራ ትተኛ ነበር የሚል አፈ ታሪክ አለ። ሞዴሉን ከሠራን በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ሄደን ስናየው ልጄ ግንቡን ትታ ከፊቱ ያለውን ውኃ ጥልቀት ነበር የምትመለከተው።

ስለ ብረት ምስሏ በደንብ ማውራት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አምራቹ በዚህ ላይ ነው ያሳዘነኝ። አምስት ሳንቲ ሜትር የምትሆን የግሮንያ ምስል አብራ ትመጣለች። ደረቷ የተራቆተ፣ ወገቧ የቀጠነ፣ ፀጉሯ እስከ ወገቧ የወረደ ነው። አፈ ታሪኩ እንኳ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው፦ ልጅ ሳለች አባቷን ወደ ስፔን ይዘኸኝ ሂድ ብትለው ፀጉርሽ ከገመዱ ጋር ይጠላለፋል አላት፤ ፀጉሯን ቆርጣ ተመለሰች፤ ከዚያም መላጣዋ ግሮንያ የሚል ቅጽል ወጣላት። ስለ ዕድሜዋም ቢሆን የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1530 አካባቢ ነው። በ1577 የእንግሊዙን እንደራሴ ሄንሪ ሲድኒን ስታገኝ፣ ሦስት መርከብና 200 ተዋጊ አለኝ ብላ ስትነግረው፣ ወደ ሃምሳ እየተጠጋች ነበር። የኮናክት ግዛት ገዥ የነበረው ሪቻርድ ቢንግሃም ለ40 ዓመት በግዛቱ የተነሣው አመፅ ሁሉ ሞግዚት እርሷ ናት ብሎ የጻፈው በ1593 ነው። ሞግዚት ብሎ የጠራት ሴት ስድሳን አልፋለች።

በዚያው ዓመት ያደረገችው ነገር ለእኔ ከባሕር ውጊያዎቿ ሁሉ ይበልጣል። አንዱ ልጇ በ1586 በቢንግሃም ሰዎች እጅ ተገድሎባታል። በ1593 ደግሞ ትንሹ ልጇ ቲቦትና ወንድሟ ታሰሩ። ለእንግሊዟ ንግሥት ለቀዳማዊት ኤልሳቤጥ አቤቱታ ጻፈች፤ ከለንደን 18 ጥያቄዎች ተላኩላት፤ ሁሉንም መለሰች። ከመልሶቿ አንዱ ስለ መበለቶች ነው፦ በአገሩ ልማድ ባሏ የሞተባት ሴት ወደ ትዳር ይዛ ከመጣችው ሀብት በቀር የምታገኘው ድርሻ እንደሌለ፣ ባሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕዳ ጥለው እንደሚሞቱ አስረዳች። ከዚያ በመርከቧ ወደ እንግሊዝ ሄደች፤ በግሪኒች ቤተ መንግሥት ከንግሥቲቱ ጋር ተገናኘች። በላቲን ተነጋገሩ ይባላል። ሁለቱም ስድሳ ገደማ የሆናቸው ሴቶች ነበሩ። ቲቦት ተፈታ፤ ግሮንያም ከልጆቿ ርስት መተዳደሪያ እንዲቆረጥላት ንግሥቲቱ አዘዘች።

ስለዚህ ምስሏን አስተካከልኳት። ፀጉሯን በምላጭ እስከ ትከሻዋ ቆረጥኩ። የአየርላንድ ሰዎች በዚያ ዘመን ይለብሱት የነበረውን ወፍራም የሱፍ ካባ በሙጫ ከነከርኩት ስስ ጨርቅ ሠርቼ አለበስኳት። በመጨረሻ በቀጭኑ ብሩሽ ፀጉሯን ነጭ ቀባሁት። በወረንጦ ይዤ ከመሪው አጠገብ ስተክላት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። አሁን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እኚህ አሮጊት ማናቸው?» ብሎ ነው፤ እኔም ደስ እያለኝ እነግረዋለሁ።

ጥቁሩን ባንዲራ አልሰቀልኩትም። የራስ ቅል ያለበት ባንዲራ የተለመደው በ1700 አካባቢ ነው፤ እርሷ የሞተችው ደግሞ በ1603 ገደማ፣ ኤልሳቤጥ በሞተችበት ሰሞን ነው። በጎን የሚተከሉትን አራት የናስ መድፎችም ትቻቸዋለሁ፤ ቀዛፊ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው እንዲተከሉ የታሰበው።

ከተጠናቀቀ ወዲህ ያለው ጽናት በአጭሩ ይህ ነው። አካሉ ጠንካራ ነው፤ ከማሞቂያው አጠገብ በነበረበት ጊዜ በአፍንጫው በኩል አንድ ቀጭን ስንጥቅ ወጣ፤ ቦታውን ቀየርኩ፤ ከዚያ በኋላ አልሰፋም። የጥጥ ገመዶቹ እርጥበት ባለበት ሳምንት ይላላሉ፣ ሲደርቅ ይመለሳሉ፤ በሰም ብታሿቸው ይሻላል። ሸራው በመስኮት በኩል ያለው ጎኑ መጥቆር ጀምሯል፤ ለመርከብ ሸራ አይከፋም። መቅዘፊያዎቹ አቧራ ሲጠረግ ይነቀላሉ፤ እስካሁን ሰባት መልሼ አጣብቄያለሁ። የመስታወት ሣጥን ማሠራት ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ከእንጨት ጋር ለማያውቅ ሰውና ትዕግሥት ለሌለው ልጅ ብቻውን አልመክርም። ከልጃችሁ ጋር አንድ ክረምት የምታሳልፉበት ሥራ ከፈለጋችሁ ግን ግዙት። ዋጋው ለእንጨቱ ጥራት ተመጣጣኝ ነው፤ ለመምሪያው ግን ውድ ነው። ተመልሼ ብገዛ ሳጥኑን ከመክፈቴ በፊት አሥር ትርፍ ጣውላ አዝዝ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶናል። መቆሚያው ላይ የሚለጠፈው የናስ ጽሑፍ «የወንበዴዎች ንግሥት» ይላል፤ አልለጠፍነውም። ልጄ በካርቶን ላይ ስሟን በአይሪሽ ፊደል ጻፈች፤ ከሥሩ ደግሞ እኔ ያስተማርኳትን ፊደል እያየች በቀይ እርሳስ «ግሮንያ ኒ ዋልያ» ብላ አስገባች። «ያ» ፊደሏ ትንሽ ጠማማ ናት። እንዳለ ለጥፈነዋል።