የገዛሁትና የሠራሁት ዶቭቴይል ከተር፦ ከዐሥር ወር በኋላ

ዘጠነኛውን የቱል መያዣ (የቶርኖ መቁረጫ የሚታሰርበትን ብረት) ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ። ቶርኖው ላይ ሳስገባው እንደ ስምንቱ ታላላቆቹ ያለ ግፊት ተንሸራቶ ቦታውን ያዘ። ብነቀንቀው ንቅንቅ አይልም። ደስ ብሎኝ ደጋግሜ አወጣሁት፣ መለስኩት። እዚህ ለመድረስ ግን ዐሥር ወርና ሁለት ዓይነት ዶቭቴይል ከተር አስፈልጎኛል። ዶቭቴይል ማለት ጎኖቹ የተጋደሉ መገጣጠሚያ ነው፤ ወንዴው ሴቴው ውስጥ ተንሸራቶ ይገባል። ከተሩ ይህን ቅርጽ ብረት ላይ የሚቆርጠው መሣሪያ ነው። ጎንደር ውስጥ እንደኔ ቤቱ ትንሽ ሚሊንግ ማሽን (በሚዞር ከተር ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ያስቀመጠ ሰው ካለ ይጠቅመዋልና የሁለቱንም ነገር ልጻፍ።

መጀመሪያ የገዛሁት አራት ፍሬ የኤች ኤስ ኤስ (ሙቀት የሚችል የመቁረጫ ብረት) ከተር ነው። ሁለቱ 45 ዲግሪ፣ ሁለቱ 60። ፒያሳም አራዳም ጠይቄ ስላጣሁ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። አሉሚኒየም ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረግሁ ስሠራባቸው ሸጋ ናቸው። ብረት ላይ ግን ማሽኔ ቀላል ስለሆነ ይንቀጠቀጣል፤ ከተሩም ይጮኻል። የዶቭቴይል ከተር ጭንቅላቱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ነው። ጫናው ሁሉ አንገቱ ላይ ያርፋል። ከ45ቶቹ ትንሹ በሦስተኛው ሳምንት እዚያው ላይ ተሰበረ። ትልቁን ባለ 25 ሚሊሜትር በደቂቃ ከ250 ዙር በታች አድርጌ፣ ዘይት እያጠጣሁ፣ በትንሽ በትንሹ ስሄድ ግን ተስማማን።

ከመሰበሩ ይልቅ ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ወንዴውን በአንደኛው ባለ 60፣ ሴቴውን በሌላኛው ባለ 60 ቆረጥኩ። አልተግባቡም። ቀይ ሊፕስቲክ በስሱ ቀብቼ ሳገጥማቸው የሚነካካው የላይኛው ጠርዝ ብቻ ሆነ። ሁለቱም ላይ 60 ተብሎ ተጽፏል። ስለካቸው ግን የግማሽ ዲግሪ ያህል ልዩነት አላቸው። ሁለት ቀን የለፋሁበት ብረት ባከነ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አጥብቄ ይዣለሁ። ወንዴውም ሴቴውም የእኔ ሥራ ከሆኑ ሁለቱንም በአንድ ከተር ነው የምቆርጠው። ከተሩ 59 ተኩልም ይሁን 60፣ ሁለቱ ወገን እኩል ስለሚሳሳቱ ይገጥማሉ። ጭንቀት ያለው አንዱ ወገን ከፋብሪካ የመጣ ሲሆን ነው። ያኔ መጀመሪያ እሱን ለኩት። አንዳንድ ማሽን 55 ዲግሪ ነው።

ሁለተኛውን ከተር ራሴ ሠራሁት። ብረቱ አሮጌ የመኪና አክስል ነው። ላዩ ጠንካራ ስለሆነ ከሰል ምድጃ ላይ አግዬ አመድ ውስጥ ቀበርኩትና ሌሊቱን እዚያው አደረ። ጠዋት ቶርኖው እንደ ልብ በላው። ጫፉ ላይ የምትታሰረው ቲ ሲ ኤም ቲ 110204 የምትባል ባለ ሦስት ማዕዘን የካርባይድ ኢንሰርት (በብሎን የምትታሰር በጣም ጠንካራ ትንሽ ስለት) ናት። ማዕዘኗ ራሱ 60 ዲግሪ ስለሆነ ሌላ ሙግት የለም። አንዱ ጎኗ ወለሉን፣ አንዱ ግድግዳውን ይቆርጣል፤ ሦስተኛው ደገፍ ይላል። ለማሰሪያዋ ብሎን ኤም 2.5 ፊሌቶ አወጣሁ። ቀዳዳውን ወደ መደገፊያው ግድግዳ በጥቂቱ ማስጠጋት አለባችሁ፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ኢንሰርቷን ወደ ኋላ ስቦ ያስቀምጣታል።

የመጀመሪያውን በ25 ሚሊሜትር ሠራሁትና አልሆነም። ግድግዳው ከወለሉ ራቅ ሲል ይፋቃል፤ የሚያብረቀርቅ መስመር ይተዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ምሽት ወረቀት ላይ ክብ ስስል አመሸሁ። ኢንሰርቷ ከስለቷ ወደ ኋላ የምትሸሸው በ7 ዲግሪ ብቻ ነው። ከተሩ ወደ አንገቱ እየጠበበ ሲሄድ የሚዞርበት ክብ ያንሳል። ያን ጊዜ ከስለቱ በፊት ተረከዟ ብረቱን ይነካል። ሁለተኛውን በ32 ሚሊሜትር ስሠራው ችግሩ ጠፋ። 8 ሚሊሜትር ጥልቀት ድረስ ንጹሕ ግድግዳ ይሰጠኛል። ማንም ሰው ይህችን ኢንሰርት ይዞ ከዚያ ያነሰ ከተር እንዲሠራ አልመክርም።

አንድ ጥርስ ብቻ ስላለው ማሽኑን አያስጨንቅም። እርግጥ ጠረጴዛውን የምገፋው በዝግታ ነው። መሀሉን በተራ ኤንድ ሚል (ጎኑ ቀጥ ያለ ከተር) አስቀድሜ አወጣለሁ፤ ለዶቭቴይሉ የምተወው ጎኑን ብቻ ነው። የኢንሰርቷ ጫፍ 0.4 ሚሊሜትር ክብ ስለሆነ የወንዴውን ሹል ጠርዝ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል በሞረድ መስበር አይረሳ።

ልኬቱ ላይ ካሊፐር ብቻውን አያዋጣም፤ ሹሉ ጥግ ውስጥ አይገባም። ከተጣለ ኩሽኔታ ያወጣሁትን 6 ሚሊሜትር ሮለር ሁለቱ ጥግ ላይ አስቀምጬ ከውጭ ወደ ውጭ እለካለሁ። ለ60 ዲግሪ የሮለሩን ውፍረት በ2.732 ታበዛላችሁ። 16.39 ይመጣል። ወንዴው ሥሩ ላይ 40 ሚሊሜትር ከሆነ በሮለሮቹ ላይ 56.39 ማንበብ አለባችሁ። ለሴቴው ከወለሉ ስፋት ላይ 16.39 ቀንሳችሁ በሮለሮቹ መካከል ትለካላችሁ። የፑንታ (የመብሻ) እጀታ በሮለር ፋንታ ሞክሬ ነበር፤ ከስሙ ቀጠን ስለሚል አሳሳተኝ።

ካርባይድ ላይ የማልወደው ነገር አለ። መብራት ጥርሱ ብረት ውስጥ እያለ ይጠፋል። ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ከተነሣ የኢንሰርቷ ጫፍ ይሸረፋል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። አሁን መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ማብሪያውን አጠፋለሁ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በእጄ ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ደግነቱ አንዲት ኢንሰርት ሦስት ጫፍ አላት፤ አሁን ሁለተኛው ላይ ነኝ።

ጠባብ ቦይ ውስጥ ደግሞ 32 ሚሊሜትሩ አይገባም። ለእሱ የተገዛውን ባለ 20 ሚሊሜትር አወጣለሁ። በክረምቱ ዝገት እንዳይበላው ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት። ወንዴውንም ሴቴውንም በእሱ ብቻ እቆርጣለሁ።