ቢራን ከኬግ ወደ ኬግ ያለ አየር ማዛወር፦ በጋዝ መግፋት፣ በሁለት ቱቦ ወይስ በፓምፕ?

ቢራ ከአንድ ኬግ (የቢራ ብረት በርሜል) ወደ ሌላው ሲዛወር አየር እንዳይነካው ምን ይገዛ? ይህን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን ፓምፕ ላይ ወይም ባለ ጌጅ ቫልቭ ላይ ጥሏል። ይቆይ። ለጠራ ቢራ ሁለት አጫጭር ቱቦና አራት ማያያዣ ይበቃል። ዋናው ወጪም ዋናው ጥፋትም ያለው ዝውውሩ ላይ ሳይሆን ባዶውን ኬግ ከአየር ማጽዳቱ ላይ ነው።

በ19 ሊትር ኬግ ውስጥ የቀረ 1 ሊትር አየር 280 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይዟል። ሁሉም ቢራው ውስጥ ከሟሟ በሊትር ወደ 15 ሚሊግራም ይደርሳል፤ ጥንቁቅ ጠማቂ የሚፈልገው ግን ከ0.1 በታች ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሆፕ (ለመዓዛና ለምሬት የሚጨመር ተክል) የበዛበት ቢራ መዓዛው ቶሎ ይጠፋል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ቀለል ያለውም ሲቆይ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል።

ብዙ ሰው ባዶውን ኬግ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እየሞላ በማስተንፈስ ያጸዳል። ከውጭው አየር ግፊት በላይ 2 ባር ሞልቶ ማስተንፈስ ውስጡ የነበረውን ኦክስጅን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 210,000 የነበረው ከአምስት ዙር በኋላ 860 ገደማ ይሆናል፤ ወደ 4 ለማውረድ አሥር ዙር ያስፈልጋል። አንዱ ዙር 70 ግራም ጋዝ ይበላል፣ አሥሩ 700 ግራም። 5 ኪሎ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ሰባት ኬግ አጽድቶ አለቀ ማለት ነው። «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባድ ስለሆነ ከታች ይነጠፍና አየሩን ያባርረዋል» የሚለው ወሬም አያዋጣም፤ ጋዝ ከጋዝ ጋር ይደባለቃል።

ርካሹ መንገድ ኬጉን ማለቅለቅ በማይፈልግ ሳኒታይዘር እስከ አፉ ሞልቶ፣ በጋዙ አፍ 0.5 ባር ጋዝ አስገብቶ ፈሳሹን በቢራው አፍ፣ ማለትም እስከ ሥሩ የሚወርድ የውስጥ ቱቦ ባለው በኩል፣ ገፍቶ ማስወጣት ነው። 50 ግራም ገደማ ጋዝ ይፈጃል፤ ከዚያው ሲሊንደር መቶ ኬግ ይወጣል። ፈሳሹም አይደፋም፣ ሁለተኛ ኬግ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ክዳኑ ሥር ግን 50 ሚሊሊትር የሚሆን አየር ይቀራል፤ ይህ መውጣት ያለበት ኬጉ ገና ሙሉ ሳለ ነው። 2 ባር እየሰጡ በማስተንፈሻው አምስት ጊዜ መልቀቅ ነው፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ 1 ግራም ጋዝ እንኳ አይሞላም። ተገላብጦ ፈሳሹ ቀድሞ ከወጣ ግን በየዙሩ ያው 70 ግራም ይከፈላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማስተንፈሻው አረፋ ይተፋልና ፊት ይራቅ።

ከዚህም የረከሰ አለ። 5 ከመቶ አልኮል የሚወጣው 19 ሊትር ቢራ ሲብላላ 700 ግራም ያህል ጋዝ ይለቃል፤ የኬጉን ሃያ እጥፍ መጠን ማለት ነው። ያንን ጋዝ ከመብላሊያው ዕቃ በቱቦ ስቦ ወደ ባዶው ኬግ በቢራው አፍ ማስገባት፣ በጋዙ አፍ በኩል ደግሞ ውሃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ ማስወጣት። ዋጋው ዜሮ። የእርሾ አረፋ ወደ ቱቦው እንዳይወጣ ግን መብላሊያው ከላይ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይኑረው፤ ካልሆነ ቱቦው ይደፈንና ግፊቱ መውጫ ያጣል።

አሁን ወደ ዝውውሩ። መግፋት የሚባለው የሬጉሌተሩን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ግፊት ቀንሶ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ጋዝ በሰጪው ኬግ የጋዝ አፍ አስገብቶ፣ ሁለቱን የቢራ አፎች በቱቦ ማገናኘት ነው። ቢራው በረጅሙ የውስጥ ቱቦ ወርዶ ተቀባዩን ከሥሩ ይሞላል። ጋዝ ላልያዘ ቢራ 0.3 እስከ 0.5 ባር ይበቃል፤ የተቀባዩ የጋዝ አፍ ሳኒታይዘር ባለበት ማሰሮ ውስጥ በተነከረ ቱቦ ይተነፍሳል። 50 ግራም ጋዝ ይሄዳል። ጋዝ ያለው ቢራ ሲሆን ማሰሮው አይሠራም፣ ቢራው ሁሉ አረፋ ይሆናል። ሁለቱም ኬግ እኩል ግፊት ይዘው፣ ተቀባዩ ላይ ስፐንዲንግ ቫልቭ፣ ማለትም ከተወሰነ ግፊት በላይ ሲሆን ራሱ የሚያስተነፍሰው ዕቃ፣ ከሰጪው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይስተካከላል። በ1 ባር ከተሠራ 70 ግራም ያህል ጋዝ በአየር ላይ በነነ።

በሁለት ቱቦ ሲሆን ግን የሚባክን ጋዝ የለም ማለት ይቻላል፤ ከተቀባዩ የሚወጣው ወደ ሰጪው ይመለሳል። ሰጪው 1 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ ተቀባዩ መሬት ላይ በሚዛን ላይ ይቀመጣል። ግፊቱ ቢራው ጋዙን ይዞ ከሚቆይበት በ0.2 ባር ከፍ ይበል፤ በ4 ዲግሪ መደበኛ ጋዝ ላለው ቢራ መነሻው 0.75 ባር አካባቢ ስለሆነ ሰጪው ወደ 0.95 ይሆናል። ተቀባዩን 0.2 ዝቅ ማድረግ። የቢራውን ቱቦ ሰጪው ላይ ሰክቶ፣ የሌላውን ጫፍ መርፌ ተጭኖ ያለ አረፋ ቢራ እስኪወጣ መጠበቅ። ይህን መዝለል ውድ ነው፦ 1.5 ሜትር ርዝመትና 6 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቱቦ 42 ሚሊሊትር አየር ይይዛል፤ ይህም በሊትር ቢራ 0.6 ሚሊግራም ኦክስጅን፣ ከገደቡ ስድስት እጥፍ ነው። ከዚያ ተቀባዩ ላይ መሰካት። ሚዛኑ 1 ኪሎ ሲጨምር የጋዙን ቱቦ፣ እሱም በጋዝ ተነፍቶ አየሩ ከወጣ በኋላ፣ በሁለቱ የጋዝ አፎች መሃል ማገናኘት። ከዚያ በኋላ ከፍታው ራሱ ይስበዋል።

አዝጋሚ ነው፣ ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊወስድ ይችላል። መሃል ላይ ከቆመ ቱቦው ጫፍ ላይ የጋዝ ኳስ ተቀምጧል፤ የጋዙን ቱቦ ነቅሎ ተቀባዩን ለአፍታ ማስተንፈስና መመለስ ይበቃል። ትልቁ ድክመቱ ሌላ ነው። ሲገፋ ተቀባዩ ውስጥ የተረፈ ኦክስጅን ወደ ውጭ ይባረራል፤ በሁለት ቱቦ ግን ያው ኦክስጅን ተመልሶ ቢራው ላይ ይተኛል። ተቀባዩን በአምስት ዙር ጋዝ ብቻ ያጸዳ ሰው ስለዚህ ይግፋ። በፈሳሽ ያጸዳ ሰው ግን የሁለት ቱቦን ያህል አትራፊ መንገድ አያገኝም።

ፓምፕ? አይገዛ። በሚስብበት በኩል ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ የላላ ማያያዣ ሁሉ ቢራ ከማንጠባጠብ ይልቅ አየር ይስባል፤ ፍሳሽ ስለማይታይም ማንም አያውቅም።

የቁጠባ ገንዘብ የሚቃጠለው በቅጂ ዕቃ ነው። ርካሽ ስፐንዲንግ ቫልቭ ከመታመኑ በፊት ባዶ ኬግ ላይ ይፈተን፦ 1 ባር ሞልቶ ቫልቩን 0.7 ላይ ማድረግና አንድ ሰዓት መተው። 0.7 ላይ ከቆመ ደህና ነው፤ ወደ 0.4 ከወረደ ሞላው ወይም ጎማው አይረባም። ጌጁም ከሬጉሌተሩ ጌጅ ጋር ይመሳከር። የሲሊኮን ቱቦ ለስላሳና ርካሽ ስለሆነ ብዙዎችን ያታልላል፤ ኦክስጅን ግን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ኢቫ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ባለ ድርብ ግድግዳ ቱቦ ይሻላል።

የኬጉን አፍ መለዋወጫ የሚገዛ ጥርሱን ያስተያይ፤ ከውጭ አንድ የሚመስሉ አፎች ጥርሳቸው ይለያያል፣ በግድ የገባ ደግሞ ኬጉን ያበላሻል። አፉ ውስጥ ያለችው ባለ ሞላ መዝጊያም ቁመቷ ካልገጠመ ወይ አትከፈትም ወይ ታፈሳለች። ግራጫው ማያያዣ ለጋዝ፣ ጥቁሩ ለቢራ ነው፤ ቢቀያየሩ ይጣበቃሉ፣ ለመንቀል ሲታገሉም ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ግን ርካሽ ነው፤ ሲደርቅ መቀየር እንጂ መለመን አያስፈልግም። የክዳኑ ትልቁ ኦሪንግ በዝቅተኛ ግፊት በደንብ ስለማይቀመጥ መጀመሪያ ከ0.7 ባር በላይ ተሰጥቶት በሳሙና አረፋ ይፈተሽ።

ሆፕ ኬጉ ውስጥ የተጨመረበት ቢራ በሁለት ቱቦ አይሞከር። የ1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ስለሆነ አንዲት የሆፕ ቅጠል መዝጊያዋ ላይ ብትቀረቀር ዝውውሩ ይቆማል። እሱን በተንሳፋፊ የውስጥ ቱቦ ከላይ እየሳቡ መግፋት ነው። ከተደፈነ የቢራውን ቱቦ ነቅሎ በሰጪው የቢራ አፍ በኩል ለሁለት ሰከንድ ጋዝ መንፋት ቅጠሉን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ አተላው ስለሚናጥ ግን ተመልሶ እስኪረጋ ቢራውን አለማንቀሳቀስ ነው።