የረጅሙን ሰው ጃብ መመለሻ ላሳዩን አሰልጣኝ

ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ በጃብ፣ ማለትም ከፊት ባለው እጅ በሚሰደድ ቀጥተኛ ምት፣ ግራ እጁን እንደ ጦር እየሰደደ ማንንም የማያስጠጋ የከባድ ሚዛን ተጋጣሚ የደረሳችሁ ቦክሰኞች፣ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ልጆቻችሁን የምታጋጥሙ አሰልጣኞችም፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልን። ጋሼ ብለን የምንጠራቸውን አሰልጣኛችንን በአደባባይ ልናመሰግን ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስለማይወዱ እንተወዋለን፤ ሥራቸው ግን መነገር አለበት። ረጅም ሰው ስለ መግጠም በብዙ ቦታ የሚሰጠው ትምህርት «ግባበት!» ከሚል ጩኸት አያልፍም። መቼ እንደሚገባ፣ በየትኛው እግር፣ ከገቡ በኋላ ምን እንደሚደረግ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ በስንዝር ለክቶ የሚያሳይ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ጋሼ ያሳያሉ።

ሥራቸውን የሚጀምሩት ከወለሉ ነው። ረጅሙን የስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) አጋር አቁመው ግራ እጁን እስከ መጨረሻው ያስዘረጉትና ጓንቱ በደረሰበት ልክ ወለሉ ላይ ፕላስተር ይለጥፋሉ። ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ውጭ ሁለተኛ መስመር፣ ከሰውዬው የፊት እግር ጣቶች አጠገብ ደግሞ ሦስተኛ መስመር ያደርጋሉ። ከውጭኛው መስመር ኋላ ከሆንክ ጃቡ አይደርስብህም፤ ሊመታህ ከፈለገ መራመድ አለበት፣ ሲራመድ ደግሞ ይታያል። ውስጠኛው መስመር ላይ ስትደርስ ግንባርህ ደረቱን ይነካል፣ ረጅም ክንዱም መዘርጊያ ቦታ ያጣል። በሁለቱ መሃል ያለውን ቦታ ጋሼ «የሰው ቤት» ይሉታል። ታልፍበታለህ እንጂ አትቀመጥበትም። እዚያ ቆሞ ጃብ በጃብ ልመልስ የሚል አጭር ቦክሰኛ የቱንም ያህል ደፋር ቢሆን ሒሳቡ አይወጣለትም፤ የእሱ እጅ መንገድ ላይ እያለ የዚያኛው ደርሷል። የከባድ ሚዛን ቦክሰኛው ኦሌክሳንደር ኡሲክ አንቶኒ ጆሹዋን ሲገጥም፣ ሁለቱም ክንዶች ተዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለኩ የኡሲክ 198፣ የጆሹዋ 208 ሴንቲ ሜትር ነበር። ይህ የአንድ ጡጫ ስፋት ያህል ልዩነት ነው፤ ሆኖም በዚያች አንድ ጡጫ ብዙ ሰው ተሸንፏል።

ከመስመሮቹ ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ከጋሼ ሥራ ሁሉ የላቀው ነው ብለን እናምናለን። ጃብ መሄጃም መመለሻም አለው። ሰው ሁሉ መሄጃውን ይፈራል፤ እሳቸው የሚያስተምሩት መመለሻውን ነው። ረጅም እጅ ረጅም መንገድ ሄዶ ረጅም መንገድ ይመለሳል፣ እየተመለሰ ያለ እጅ ደግሞ በዚያች ቅጽበት መምታትም መከላከልም አይችልም። ለዚህ ልምምድ ጫፉ ላይ ጓንት የታሰረበት ዱላ ይጠቀማሉ። ዱላውን ወደ ተማሪው ፊት ይሰድዱና አንዴ ቀጥ አድርገው፣ አንዴ ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው፣ አንዴ ደግሞ አዘግይተው ይመልሱታል። ተማሪው ዱላው ሲመጣ አይነቃነቅም፤ መመለስ ሲጀምር ጓንቱን ተከትሎ ይገባል። ጓንቱ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ወደ ሆድ፣ ዝቅ ብሎ ከተመለሰ ቀኝ እጅ ከላይ፣ ዘግይቶ ከተመለሰ ሁለቱም። ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ። ቀድሞ የሚዘልን ተማሪ ወዲያው በዱላው ጫፍ ግንባሩን ነካ ያደርጉታል፤ በእውነተኛው ፍልሚያ ያ ንክኪ ምን እንደሚሆን ለማንም አይጠፋም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ማክስ ሽሜሊንግ በሰኔ 1936 በኒው ዮርክ እስከዚያ ቀን ተሸንፎ የማያውቀውን ጆ ሉዊስን ሲገጥም፣ ሉዊስ ጃብ ከሰደደ በኋላ ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ እንደሚመልስ አስቀድሞ አይቶ ነበር። በዚያ ክፍተት ቀኝ እጁን ከላይ እያሳለፈ በ4ኛው ዙር ጣለው፣ በ12ኛው በዝረራ አሸነፈው። ጋሼ ይህን ፍልሚያ ሲያሳዩ ፊልሙን የሚያቆሙት ሉዊስ ሲወድቅ አይደለም፤ ግራ ጓንቱ ከአገጩ በታች በሚወርድበት ቦታ ነው የሚያቆሙት።

ስለ ዓይን የሚሉትም ልብ ይባል። ጓንት ላይ ያፈጠጠ ሰው ምቱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ዓይን ከተጋጣሚው አንገት ሥር ባለው አጥንት ላይ ይረፍ፤ ከዚያ ሆኖ ትከሻውም፣ ክርኑም፣ የፊት እግሩም ይታያሉ። የፊት እግሩ ሳይነሳ የሚመጣ ጃብ ብዙውን ጊዜ ርቀት መለኪያ ነው። እግሩ አብሮ ከተራመደ ግን የሰውነቱ ክብደት አብሮ መጥቷል፣ ከኋላውም ቀኝ እጁ ሊከተል ይችላል።

ስሊፕ (ጭንቅላትን ወደ ጎን አድርጎ ከምት ማምለጥ) ላይ ደግሞ ቁጥብ ናቸው። ሁለታችሁም ቀኝ እጃችሁ ከኋላ ከሆነ፣ ጭንቅላትህ የሚሸሸው ወደ ራስህ ቀኝ፣ ከክንዱ ውጭ ነው፤ ያኔ የገዛ ግራ ትከሻው ቀኝ እጁን ይጋርድልሃል። መጠኑ አንድ ጡጫ ነው። ከዚያ ካለፈ ሚዛንህ ይፈርሳል፣ መልስ ለመምታትም አትደርስም። ወደ ግራ ከሸሸህ ቀኝ እጁ በሚመጣበት መንገድ ላይ ትቆማለህ፤ ይህ የሚፈቀደው በዚያው ቅጽበት ቀኝህን ከጃቡ በላይ እየወረወርክ ከሆነ ብቻ ነው። ከሪንጉ ጥግ እስከ ጥግ በትከሻ ቁመት ገመድ ወጥረው ሥሩን እያስመላለሱ ሲያሠሩ፣ በእያንዳንዱ ማምለጫ ላይ ምት ካልተጨመረ አይቆጥሩትም። ሳይመታ ብቻ የሚያመልጥ ሰው ረጅሙን አያስቸግረውም፤ ሌላ ጃብ ይጨምርለታል።

መመከትን በተመለከተ አሰልጣኙ ኤዲ ፋች ቦክሰኛውን ኬን ኖርተንን ያዘጋጁበትን መንገድ ይከተላሉ። በመጋቢት 1973 መሐመድ አሊ ጃብ ሲሰድድ ኖርተን ፊቱ አጠገብ በያዘው ቀኝ መዳፉ እየተቀበለ፣ በዚያው ቅጽበት የራሱን ጃብ ይሰድድ ነበር። አሊ መንጋጋው ተሰብሮ በነጥብ ተሸነፈ። እዚህ ላይ ስህተቱ አንድ ነው፣ ግን ውድ ነው፦ ጃቡን ለመያዝ እጅን ወደ ፊት መዘርጋት። መዳፍህ ከጉንጭህ ከአራት ጣት በላይ ከራቀ ብልህ ረጅም ቦክሰኛ ጃብ አስመስሎ በሁክ (ክርን ታጥፎ ከጎን በሚመጣ ምት) ይመጣብሃል፣ በተከፈተው ጉንጭህ።

ወደ ሰውነት የሚሰደድ ጃብን እንደ ዋና መሣሪያ የሚያዩት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ይፈልጋል። የረጅም ሰው ጭንቅላት ሩቅ ነው፣ ወደ ኋላም ያዘነብላል፤ ደረቱና ሆዱ ግን ሰፊ ኢላማ ናቸው፣ እንደ ጭንቅላት ፈጥነውም አይሸሹም። ከደረት አጥንት በታች ያለውን ለስላሳ ቦታ የነካ ጃብ ትንፋሹን ይቀንሳል፤ እያደር ክርኖቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ያኔ ጃቡ ከዝቅተኛ ቦታ ይነሳና ይዘገያል። የሚታጠፈው ጉልበት ነው እንጂ ወገብ አይደለም። በወገቡ የጎነበሰ ሰው ለአፐርከት (ከታች ወደ ላይ ለሚመጣ ምት) ፊቱን አቀረበ፣ ጀርባውንም ለሰውዬው ክብደት ሰጠ። ጉልበቱን ያጠፈ ግን ወደ ፊት እያየ ይወርዳል፣ ቀኝ ጓንቱም ከጉንጩ አይለይም። በየዙሩ ስምንት አሥር ጊዜ ይህን ማድረግ ዳኛ ዓይን ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ከስድስተኛው ዙር በኋላ ግን ውጤቱን ታዩታላችሁ።

አገባቡ በማስመሰያ ይጀምራል፦ ትከሻ ብቻ፣ ከዚያ ትከሻና ጉልበት፣ በሦስተኛው እውነተኛው። ታይሰን ፉሪ በ2015 ዱሰልዶርፍ ላይ ቭላድሚር ክሊችኮን ሲያሸንፍ እጁና ጭንቅላቱ አርፈው አያውቁም ነበር፤ ያ ባለ ጠንካራ ጃብ ክሊችኮ እጁን ለመስደድ ሲያመነታ አመሸ። ፉሪ ራሱ ረጅም ስለሆነ በአገባብ አርዓያ አይሆነንም፤ ማስመሰያው ግን ለማንም ቁመት ይሠራል። ተቃራኒውን ለማየት ዴቪድ ሄይ በ2011 ከክሊችኮ ጋር ያደረገውን ይመልከቱ። ሄይ ከሩቅ ሆኖ በአንድ ዝላይ በትልቅ ቀኝ ሊደርስ ሞከረ፤ ዝላዩ የሰው ቤት መሃል ላይ ሲያልቅበት ወይ ጃብ ይጠብቀዋል፣ ወይ ይታቀፋል። ያው ሄይ በ2009 የ213 ሴንቲ ሜትሩን ኒኮላይ ቫሉዬቭን ያሸነፈው ግን በእግሩ ነው፤ መታ፣ ወጣ፣ ቫሉዬቭ ዞሮ እስኪፈልገው ሌላ ቦታ ነበር። ቀርፋፋውን ረጅም ሰው ያሸነፈ ዘዴ ፈጣኑን አያሸንፍም፤ ጋሼ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዕቅድ የማይሰጡት ለዚህ ነው።

ከገቡ በኋላ ሦስት ወይም አራት ምት፣ የመጨረሻው ወደ ሰውነት። ግራ ሁክ ወደ ጉበቱ ጥሩ መዝጊያ ነው፣ ምክንያቱም ቀኝ ክርኑ ወደዚያ ስለሚወርድ ቀኝ እጁ ቶሎ አይነሳብህም። አንዲ ሩይዝ በሰኔ 2019 ጆሹዋን ያንበረከከው እንዲህ ባሉ አጫጭር ተከታታይ ምቶች ነበር፤ በ3ኛው ዙር መጀመሪያ እሱ ራሱ ወድቆ ነበር፣ ተነሥቶ ግን ወደ ኋላ አልሸሸም፣ ቅርብ ሆኖ መታ። መውጫው በቀጥታ ወደ ኋላ አይደለም። ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሰው እንደገና በሰው ቤት ያልፋል፣ በዚያው መስመርም የረጅሙ ቀኝ እጅ ይጠብቀዋል። መውጫው ወደ ራስህ ቀኝ፣ ከጃብ ትከሻው ጎን ነው፤ ቀኝ ጓንትህ ጉንጭህ ላይ እንደተለጠፈ፣ ግራ ሁኩን ስለምትጠብቅ።

ክሊንች (ተቃቅፎ መያያዝ) ላይ ጋሼን የሚተካቸው አላየንም። ረጅም ከባድ ሚዛን አንገትህን ይዞ ሲተኛብህ መቶ ኪሎ ያለፈ ክብደት ነው የሚያሸክምህ፣ ይህ በየዙሩ ሲደጋገም እግርህ ያልቃል። የሁሉም ሰው ስሜት ጭንቅላትን ወደ ኋላ መንጠቅ ነው፤ እሱ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ጋሼ የሚያስደርጉት፦ ግንባር አገጩ ሥር፣ ጀርባ ቀጥ፣ አንድ እጅ ከብብቱ በታች ገብቶ ክንዱን ወደ ላይ ይገፋል፣ የፊት እግር ከእግሩ ውጭ ይራመዳል። ነፃ የሆነው እጅ ዳኛው «ተለያዩ» እስኪል ድረስ አጫጭር ምት ወደ ጎኑ ይመታል። ሃያ ሰከንድ ትግል፣ አሥር ሰከንድ ምት፣ ያለ ዕረፍት ስድስት ጊዜ። ስትለያዩ ደግሞ እጅ አይወርድም፤ ብዙ ሰው የሚመታው ዳኛው ከለያያቸው በኋላ ባለች አንዲት እርምጃ ላይ ነው።

ግራኝ ለሆኑ ቦክሰኞች ዕቅዱን ይገለብጡታል። የፊት ቀኝ እጅ ጃቡ ሳይነሳ ጓንቱን እየነካ ያስቸግራል፣ የፊት እግር ከተጋጣሚው የፊት እግር ውጭ ይቀመጣል፣ ቀጥተኛው ግራ ወደ ሆድ ይሄዳል። ኡሲክ በ2021 እና በ2022 ጆሹዋን፣ በ2024 ደግሞ ሁለት ጊዜ ፉሪን ሲያሸንፍ ይህን ሁሉ ያያችሁት ነው።

ሌላም የምናመሰግነው ሰው አለ፤ ጋሼ የሚያመጡት ረጅሙ የስፓሪንግ አጋር። በ16 አውንስ ጓንት፣ በልኩ እየመታ፣ ጃቡን ደጋግሞ በአንድ ዓይነት መንገድ መስደድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ተማሪው ሲሻለው ብቻ ፍጥነቱን ይጨምራል። ያለ እሱ ሥራ የወለሉ መስመሮች ፕላስተር ብቻ ይሆኑ ነበር።

ጋሼ ዘንድ መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከፍልሚያው ቢያንስ ስምንት ሳምንት በፊት ሂዱ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚመጣን ሰው አይቀበሉም፣ ትክክል ናቸው፤ እግር በሁለት ሳምንት አይለወጥም። በስፓሪንግ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው የማዞር ወይም የራስ ምታት ምልክት ካሳየ ያን ቀን ያስቆሙታል፣ ሐኪም ሳያየውም አይመልሱትም። በዚህ አትከራከሯቸው። በአንድ ምት ለመጨረስ ለሚመኝ ቦክሰኛ አይመቹም፤ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ፣ ማለትም አሥራ ሁለቱንም ዙር፣ ለመሥራት ለተዘጋጀ ግን ከእሳቸው የተሻለ ልንጠቁም አንችልም። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ያብዛልዎ።

የተጋጣሚያችሁን ቪዲዮ ስትልኩላቸው ደግሞ በዝረራ ያሸነፈባቸውን ቆርጣችሁ አትላኩ። የረጅም ፍልሚያ የመጨረሻ ሁለት ዙሮችን ላኩ፤ መጀመሪያ የሚያዩት ግራ እጁ ሲደክም የት ድረስ እንደሚወርድ ነው።